ኮዱ ክፍት፣ ስሙ ድፍን፦ የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ስያሜና ተራው ተጠቃሚ

አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ወይም አንድ የኮሌጅ ተማሪ ደብዳቤና ጥናታዊ ጽሑፍ የሚያዘጋጅበት፣ ገንዘብ የማይከፈልበት ፕሮግራም ሲፈልግ ከሰው አፍ ከሚሰማቸው ስሞች አንዱ «ኦፕን ኦፊስ» ነው። ስሙን በመፈለጊያ ያስገባል፤ ያገኛል፤ አውርዶ ይጭናል። ፕሮግራሙም ይሠራል። ከሳምንታት በኋላ አንድ ተቋም ማመልከቻውን በአዲሱ የዎርድ የፋይል ዓይነት፣ ማለትም በዶክኤክስ፣ አስቀምጦ እንዲልክ ይጠይቀዋል። የጫነው ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ፋይል መክፈት እንጂ በዚያው መልክ ማስቀመጥ እንደማይችል የሚረዳው ያን ጊዜ ነው። «ነፃ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው» ብሎ ቢያዝን የሚፈርድበት አይኖርም። ሆኖም ከዚያው ግንድ የበቀለ፣ እንደዚያው ያለ ክፍያ የሚገኝና የተጠየቀውን ሥራ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም አለ። ተጠቃሚውን ከዚህ ፕሮግራም የለየው የቴክኒክ ዕውቀት ማነስ ሳይሆን የስም ጉዳይ ነው፤ የሚፈልገው ነገር እርሱ በማያውቀው በሌላ ስም ይጠራል።

ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በሚደረጉ ጥናቶች ስያሜ ብዙውን ጊዜ እንደ ጌጥ ይታያል። ገንቢዎች ስለ ኮዱ ጥራት ለወራት ይከራከራሉ፤ ስሙን ግን በአንድ ምሽት ጨዋታ ያወጡታል። ይህ ጽሑፍ የኦፕን ኦፊስንና የሊብሬኦፊስን ጉዳይ ዋና ማሳያ አድርጎ ስያሜ ለተራው ተጠቃሚ የሚያስከትለውን ውጤት ይመረምራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ግንድ፣ ሁለት ስም

የሁለቱም ፕሮግራሞች መነሻ በጀርመን አገር ስታር ዲቪዥን የተባለ ኩባንያ ያዘጋጀው ስታር ኦፊስ ነው። በ1999 የአሜሪካው ሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያውን ገዛ፤ በጥቅምት 2000 ደግሞ ምንጭ ኮዱን ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ለሕዝብ የተለቀቀው ሥራ «ኦፕን ኦፊስ» ተብሎ ቢጠራ ቀላል በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ስም ቀድሞ በሌላ ወገን ተይዞ ስለነበር የድረ ገጹ አድራሻ ቅጥያ ጭምር ተጨምሮበት «ኦፕን ኦፊስ ዶት ኦርግ» የሚል መደበኛ ስም ወጣለት። ተጠቃሚው ግን ቅጥያውን ቆርጦ ጣለው። በብራዚል ጭራሹን የንግድ ምልክት ክርክር ተነሥቶ ሥራው «ቢአር ኦፊስ» በሚል ሌላ ስም ለመሠራጨት ተገደደ። እንግዲህ ችግሩ ገና ከጅምሩ ነበር ማለት ነው፤ ይፋዊው ስም ሌላ፣ ሰዉ የሚጠራው ስም ሌላ።

ትልቁ ስንጥቅ የመጣው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በጥር 2010 ኦራክል ሰንን ጠቀለለ። በኮዱ ላይ ይሠሩ ከነበሩት ገንቢዎች ብዙዎቹ ስለ ሥራው ዕጣ ስለ ሰጉ በመስከረም 2010 መጨረሻ ዶኪዩመንት ፋውንዴሽን የተባለ ራሱን የቻለ ተቋም መመሥረታቸውን አስታወቁ። ኮዱን ይዘው መሄድ ይችሉ ነበር፤ ፈቃዱ ይህን ያስችላል። ስሙን ይዘው መሄድ ግን አልቻሉም፤ ስሙ የኦራክል ንብረት ነበርና። ኦራክል ስሙን እንዲለግሳቸው ጠየቁ፤ እስከዚያው መጠሪያ ይሆን ዘንድ «ሊብሬኦፊስ» የሚል ስም መረጡ። ልገሳው አልመጣም። ለጊዜው ብለው ያወጡት ስም ቋሚ ሆኖ ቀረ፤ የመጀመሪያው ይፋዊ ዕትምም በጥር 2011 ወጣ።

ኦራክል በበኩሉ በሰኔ 2011 ኮዱንም ስሙንም ለአፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አስረከበ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት አንድ የፈቃድ ነጥብ ማስታወስ ያስፈልጋል። የአፓቺ ፈቃድ ኮዱን ማንም ወስዶ በፈለገው ፈቃድ ሥር እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል፤ ሊብሬኦፊስ የሚሠራባቸው ፈቃዶች ግን የተሻሻለው ኮድ በዚያው ፈቃድ ሥር እንዲቆይ ያስገድዳሉ። ስለዚህ ሊብሬኦፊስ ከአፓቺ ኦፕን ኦፊስ የፈለገውን ማሻሻያ መውሰድ ሲችል፣ የአፓቺው ሥራ ከሊብሬኦፊስ መውሰድ አይችልም። ውኃው የሚፈሰው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። የአፓቺ ኦፕን ኦፊስ 4.1 የተሰኘው ዕትም በሚያዝያ 2014 ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት ሁሉ በዚሁ በ4.1 ሥር የሚቆጠሩ የማስተካከያ ዕትሞች ናቸው። ሊብሬኦፊስ በአንጻሩ በየዓመቱ ሁለት ያህል ዋና ዋና ዕትሞችን ሲያወጣ ቆይቷል።

ቢሆንም ዝናው ከስሙ ጋር ቀረ። አፓቺ ኦፕን ኦፊስ ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዷል። ከእነዚህ አውራጆች መካከል ስንቱ ሁለቱን ፕሮግራሞች አመዛዝኖ እንደ መረጠ፣ ስንቱም የሰማውን ስም ብቻ ተከትሎ እንደ ሄደ ከማውረጃ ቁጥር ማወቅ አይቻልም። የዶኪዩመንት ፋውንዴሽን ግምት ግን ግልጽ ነበር። ኮዱ የተለቀቀበት ሃያኛ ዓመት በታሰበበት በጥቅምት 2020 ለአፓቺው ወገን ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ለተጠቃሚዎች በንቃት የሚሻሻል ሌላ ፕሮግራም እንዳለ እንዲነገራቸው ጠየቀ። ደብዳቤው የውድድር ጠረን የለውም ማለት አይቻልም፤ ይሁን እንጂ ጥያቄው ተገቢ ነበር። አንድ ሱቅ ቦታ ሲቀይር በቀድሞው በር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ የተለመደ ነው። ችግሩ በዚህ ጉዳይ የቀድሞው በር ባለቤት ሱቁ ተዘዋውሯል ብሎ የማያምን መሆኑ ነው፤ በእርሱ ዐይን ሱቁ እዚያው አለ።

የዚህ ጉዳይ አደጋ ከፋይል ዓይነት ያልፋል። በሐምሌ 2016 በአፓቺ ኦፕን ኦፊስ 4.1.2 ላይ የደኅንነት ቀዳዳ መኖሩ ይፋ ሲደረግ የተስተካከለ ሙሉ ዕትም አልተዘጋጀም ነበር፤ 4.1.3 የወጣው በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው። በዚያ መካከል በመስከረም የሥራው ኃላፊ ራሳቸው የሥራውን መዘጋት እንደ አንድ አማራጭ ለውይይት አቅርበው ነበር። በሠለጠነ ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ የታወቀ ነገር ነበር። ፕሮግራሙን በስሙ ብቻ የሚያውቀው ጸሐፊ ግን በዚያ ክረምት በምን ላይ እንደሚጽፍ የነገረው አልነበረም።

ኮዱ ይቀዳል፣ ስሙ አይቀዳም

ተራው ሰው «ክፍት ምንጭ» ሲባል ሁሉም ነገር ክፍት እንደ ሆነ ይገምታል። በሕግ ዐይን ግን ኮድና ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮዱ የሚዳኘው በቅጂ መብት ነው፤ ስሙና አርማው ደግሞ በንግድ ምልክት ሕግ። የአፓቺ ፈቃድ 2.0 የንግድ ምልክትን የመጠቀም መብት እንደማይሰጥ በግልጽ ጽፏል። ከዚህ የተነሣ ማንኛውም ቡድን ኮዱን ቀድቶ በራሱ መንገድ መቀጠል ሲፈልግ አዲስ ስም ለማውጣት ይገደዳል፤ ተጠቃሚው የሚያየው የስሞች መብዛት ከገንቢዎች ግድየለሽነት ብቻ የመጣ አይደለም ማለት ነው።

ፋየርፎክስ የሚባለው የድር ማሰሻ የዚህን ሕግ ሁለቱንም ገጽ አይቷል። በ2002 ሲጀመር ስሙ ፊኒክስ ነበር። ተመሳሳይ ስም ያለው የኮምፒውተር ኩባንያ ስለ ነበር በሚያዝያ 2003 ፋየርበርድ ተባለ። ፋየርበርድ ደግሞ የአንድ ክፍት ምንጭ የመረጃ ቋት ስም ሆኖ ተገኘ፤ የዚያ ሥራ ተከታዮች ቅሬታ አቀረቡ፤ በየካቲት 2004 ሦስተኛው ስም ፋየርፎክስ ወጣ። ይህ ሁሉ የሆነው የመጀመሪያው ይፋዊ ዕትም በኅዳር 2004 ከመውጣቱ በፊት መሆኑ ለሥራው መልካም ዕድል ነበር። ስሙ በሕዝብ አፍ ከገባ በኋላ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ይከብድ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ በተራው የስሙ ጠባቂ ሆነ። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ኮዱን በራሱ ማስተካከያ እያሻሻለ፣ አርማውን ግን በፈቃዱ ምክንያት ሳይጠቀም «ፋየርፎክስ» በሚል ስም ያሠራጭ ነበር። ሞዚላ ስሙ ከአርማው ጋር አብሮ እንዲሄድ፣ ማስተካከያዎቹም አስቀድመው እንዲታዩ ጠየቀ። ዴቢያን በመርሑ መሠረት ይህን ስላልተቀበለ በ2006 ማሰሻውን «አይስዊዝል» ብሎ ሰየመው፤ እሳትን በበረዶ፣ ቀበሮንም በሌላ ትንሽ አውሬ የተካ ቀልድ። ስምምነት ላይ ተደርሶ የቀድሞው ስም የተመለሰው በ2016 ነው። ለአሥር ዓመታት የዴቢያን ተጠቃሚ ፋየርፎክስን ፈልጎ ያላየው አርማና ያልሰማው ስም ይቀበለው ነበር። ቀልዱ ለገንቢዎቹ ጥርስ የማያስከድን ሊሆን ይችላል፤ እናቱን ኮምፒውተር ለሚያስተምር ልጅ ግን አንድ ተጨማሪ ማብራሪያ ነበር።

ሞዚላ ያን ያህል የጠነከረበት ምክንያትም መናቅ የለበትም። ስም ካልተጠበቀ ማንኛውም ሰው ክፍት የሆነውን ኮድ ወስዶ፣ ጎጂ ነገር ጨምሮበት፣ በዚያው ስም ሊያሠራጨው ይችላል። በግንቦት 2015 ሶርስፎርጅ የተባለው የታወቀ የሶፍትዌር ማከማቻ የሥዕል ማቀናበሪያውን የጊምፕን የዊንዶውስ ዕትም የያዘውን ገጽ በራሱ ቁጥጥር ሥር አድርጎ፣ የማስታወቂያ ፕሮግራሞች የታከሉበት መጫኛ ሲያሠራጭ ተገኝቶ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። የጊምፕ አዘጋጆች ከዚያ ማከማቻ ቀደም ብለው በ2013 ለቀው ነበር። ተጠቃሚው ግን የሚያየው ስሙን ነው፤ ስሙም እዚያው ነበር። ስለዚህ የንግድ ምልክት ጥበቃ ከክፍት ምንጭ መንፈስ ጋር ይጋጫል የሚለው አስተያየት ከተጠቃሚው ወገን ሲታይ ውኃ አያነሣም። ተራው ሰው ኮድ አንብቦ እውነተኛውን ከሐሰተኛው አይለይም፤ የሚለየው በስም ብቻ ነው።

«ነፃ»፣ «ክፍት»፣ «ሊብሬ»

ከምርቶቹ ስም በፊት የመደቡ ስም ራሱ ድፍን ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ሥራቸውን ሲያስተዋውቁ የተጠቀሙበት የእንግሊዝኛ ቃል ነፃነትንም ያለ ክፍያ መገኘትንም ስለሚያመለክት ሰዎች ሁለተኛውን ብቻ ሰሙ። በየካቲት 1998 በካሊፎርኒያ በተደረገ ስብሰባ ላይ ክርስቲን ፒተርሰን ያቀረቡት «ክፍት ምንጭ» የሚለው ሐረግ ተቀባይነት ካገኘባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህን ብዥታ ማስወገዱ ነው። ሐረጉን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የተደረገው ሙከራ ግን ሳይሳካ ቀረ፤ ሐረጉ ገላጭ እንጂ መለያ አይደለም በሚል። ገላጭ የሆነ ስም ለተጠቃሚው ይቀላል፣ ለሕግ ጥበቃ ግን አይመችም፤ ይህ ውጥረት ከዚህ በታችም ይመለሳል።

አማርኛ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛ ጥቂት የተሻለ ዕድል አለው። «ነፃ ሰው» ሲባል ነፃነት ያለው፣ «በነፃ ታከመ» ሲባል ሳይከፍል የታከመ መሆኑን ማንም ይረዳል፤ «በ» የምትለው አንዲት ፊደል ሁለቱን ትለያለች። ነገር ግን «ነፃ የትምህርት ዕድል» ስንል ስለ ክፍያ እንጂ ስለ ነፃነት አንናገርምና «ነፃ ሶፍትዌር» የሚለውም ሐረግ ጆሮ ላይ የሚያርፈው ወደ ክፍያው አጋድሎ ነው። «ነፃነትን የሚሰጥ» እና «በነፃ የሚሰጥ» ብሎ ለይቶ መጻፍ ይቻላል፤ ርዝመቱ ቢከፋም ትርጉሙ አይምታታም።

«ክፍት ምንጭ» ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ለአማርኛ ተናጋሪ ምንጭ አስቀድሞ የውኃ ነው። ክፍት የሆነ ምንጭ፣ ማለትም ያልጎለበተና ከብቱም ሰዉም የሚጠጣበት ምንጭ፣ የጤና ባለሙያዎች አትጠጡት የሚሉት ነው። ሐረጉ በትርጉም ሥራዎች ተለምዷል፣ አሁን መለወጥም አይጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሰው «ክፍት ከሆነማ ማንም ሊበክለው ይችላል» ብሎ ቢሠጋ ሥጋቱ ከቋንቋው የመነጨ መሆኑን መረዳት ይገባል። መልሱም እዚያው ምሳሌ ውስጥ ይገኛል፦ ማንም ወደ ምንጩ መጥቶ ማየትና መቅዳት ይችላል፤ ወደ ዋናው ማጠራቀሚያ ውኃ የሚጨምሩት ግን የተፈቀደላቸው ብቻ ናቸው።

«ሊብሬኦፊስ» የሚለው ስም የተመረጠው ይህንኑ የነፃነት ትርጉም ለማስረገጥ ነው፤ ቃሉ በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ ነፃነት ያለውን ነገር ይገልጻል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አነባበቡ ይቸግራቸዋል። በኢትዮጵያ ግን ሌላ ነገር ያጋጥማል። «ሊብሬ» በአማርኛ የታወቀ ቃል ነው፤ የተሽከርካሪ ባለቤትነት መታወቂያ ደብተር። መኪና የገዛ ወይም የሸጠ ሁሉ ያውቀዋል። ስሙን በፊደል ብቻ የሚያነበው ኢትዮጵያዊ «ሊብሬኦፊስ» ሲል ወደ አእምሮው የሚመጣው የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ቢሆን አያስገርምም። ሊብሬኦፊስ ገጽታው ወደ አማርኛ የተተረጎመ ፕሮግራም ስለ ሆነ ጉዳዩ ከቀልድ ያለፈ ነው፤ ምናሌዎቹ በአማርኛ ሲያነጋግሩት ስሙ ግን የመኪና ወረቀት ያስታውሰዋል።

የተጸውኦ ስምና የወል ስም

የአማርኛ ሰዋስው ስሞችን የተጸውኦ እና የወል ብሎ ይከፍላል። ክፍፍሉ ለሶፍትዌር ስያሜ ጥሩ መመርመሪያ ይሆናል። ቪኤልሲ ፍጹም የተጸውኦ ስም ነው፤ ፊደሎቹም ሆኑ ብርቱካናማው የመንገድ ማገጃ አርማው ስለ ቪዲዮ አንዳች አይናገሩም። ሥራው ከፓሪስ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ተማሪዎች የጀመረ ሲሆን አርማውም ከዚያ የተማሪዎች ዘመን የተረፈ ነው። ቢሆንም በየኮምፒውተሩ ይታወቃል። ምክንያቱ ሁለት ይመስላል፦ ፕሮግራሙ አንድ ግልጽ ሥራ ይሠራል፤ ስሙና አርማውም ለሁለት ዐሥርት ዓመታት አልተለወጡም። ትርጉም የለሽ ስም በጊዜ ብዛት ትርጉም ያገኛል፤ በየጊዜው የሚለዋወጥ ስም ግን ይህን ዕድል አያገኝም።

የግኖም አዘጋጆች በተቃራኒው መንገድ ሄዱ። ናውቲለስ ይባል የነበረው የፋይል ማሳያ በ2012 በተጠቃሚው ፊት «ፋይሎች» ተባለ፤ ማሰሻው «ድር»፣ የፊልም ማጫወቻው «ቪዲዮዎች»። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተር ለከፈተ ሰው ከዚህ የቀለለ የለም። ችግር የገጠመው ሰው ግን ምን ብሎ ይፈልግ? «ፋይሎች አልከፈት አሉኝ» ብሎ መፍትሔ የሚፈልግ ሰው በዓለም ያለ የፋይል ችግር ሁሉ ይጎርፍለታል። የፕሮግራሙ የጥቅል ስም ደግሞ በውስጥ ናውቲለስ ሆኖ ስለ ቀረ፣ የሚረዳው ባለሙያ ተጠቃሚው ሰምቶት በማያውቀው ስም ያነጋግረዋል። የወል ስም ለመግቢያ በር ይመቻል፤ ለአቤቱታ ግን አይመችም።

ኬዲኢ በኅዳር 2009 ያደረገው ማስተካከያ በዚህ መካከል ይውላል። ያ ስም እስከዚያ ድረስ የዴስክቶፑን ገጽታም፣ ፕሮግራሞቹንም፣ የሚሠሩትንም ሰዎች በአንድነት ይጠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኬዲኢ የማኅበረሰቡ ስም እንዲሆን፣ ገጽታው ፕላዝማ እንዲባል ተወሰነ። ውሳኔው በመርሕ ትክክል ነበር፤ ሰዎቹንና ምርቱን ለየ። ልማድ ግን በመግለጫ አይለወጥም፤ ዛሬም ብዙ ሰው ገጽታውን የሚጠራው በማኅበረሰቡ ስም ነው።

ሁለቱን የስም ዓይነቶች አጣምሮ ለመያዝ መሣሪያው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መቀመጡ ይህን ጉዳይ የሚያስቆጭ ያደርገዋል። በሊኑክስ ዴስክቶፖች ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም ከራሱ ጋር የሚያመጣት ትንሽ የመግለጫ ፋይል አለች። በውስጧ አንድ መስመር ለፕሮግራሙ ስም፣ ሌላ መስመር ለወል ስሙ፣ ሌላ ለአጭር መግለጫ፣ ሌላም ለመፈለጊያ ቁልፍ ቃላት ተመድቧል። መስመሮቹ በየቋንቋው ሊተረጎሙ ይችላሉ። «ራይተር» በሚለው ስም አጠገብ በወል ስሙ መስመር «የጽሑፍ ማዘጋጃ» ተብሎ ቢጻፍና በቁልፍ ቃላቱ ውስጥ «ደብዳቤ» እና «ዎርድ» ቢገቡ፣ በኮምፒውተሩ ላይ «ደብዳቤ» ብሎ የፈለገ ሰው ራይተርን ያገኛል። ለተርጓሚ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ገጽታዎች የወል ስሙን መስመር ጨርሶ አያሳዩትም፤ ተርጓሚዎችም ቁልፍ ቃላትን ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ይመልሳሉ እንጂ የአገሬው ሰው ምን ብሎ እንደሚፈልግ አይጠይቁም።

አንድ ቅጽል ያስነሣው ማዕበል

ስያሜ ለተጠቃሚ ምን ያህል ከባድ መልእክት እንደሚያስተላልፍ በሐምሌ 2020 በሊብሬኦፊስ ላይ የደረሰው ያሳያል። የ7.0 የሙከራ ዕትም ሲወጣ ከስሙ ሥር «የግል ዕትም» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ታየ። የአዘጋጆቹ ዓላማ በጎ ነበር፤ የድጋፍ አገልግሎት ከሚሸጡ ኩባንያዎች የሚቀርበውን የድርጅቶች ዕትም ከዚህኛው ለመለየት፣ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶችም ለገንቢዎቹ እንዲከፍሉ ለማበረታታት። ሰዎች ያነበቡት ግን ሌላ ነው። በንግድ ሶፍትዌር ዓለም «የግል ዕትም» ማለት በቢሮና በትምህርት ቤት መጠቀም የተከለከለ፣ ነገ ደግሞ የሚያስከፍል ማለት ነው። ቁጣው በየአቅጣጫው ተነሣ። የተቋሙ ቦርድ ፈቃዱ እንደማይለወጥና ማንም በማንኛውም ቦታ ሊጠቀምበት እንደሚችል መግለጫ አወጣ፤ በነሐሴ የወጣው 7.0 ያለ ቅጽሉ ወጣ። በየካቲት 2021 በ7.1 ላይ «የማኅበረሰብ» የሚል ቅጽል ገባ፤ ይህኛው ያን ያህል ጩኸት አላስነሣም።

ከኮዱ አንዲት መስመር፣ ከፈቃዱ አንዲት ቃል አልተለወጠችም ነበር፤ ማዕበሉን ያስነሡት ሁለት ቃላት ናቸው። በአንጻሩ ፕሮግራሙ ለረጅም ጊዜ በሁለት መስመር፣ አንዱ «ትኩስ» ሌላው «የረጋ» እንደ ማለት ባሉ የእንግሊዝኛ ስሞች ሲቀርብ ቆይቶ ቅሬታ አልተሰማም። ይህ የሆነው ስሞቹ ግልጽ ስለ ነበሩ ሳይሆን ተራው ተጠቃሚ ስላላስተዋላቸው ይመስላል። በማውረጃ ገጽ ላይ ሁለት አረንጓዴ ቁልፍ የገጠመው ሰው የላይኛውን ይጫናል።

ስም የማያስፈልግበት ቦታ

ሁሉም ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በተጠቃሚው ዘንድ መታወቅ አለበት ማለትም አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ የቆመው በዲስፔስ ላይ ነው፤ ዲስፔስ በኤምአይቲ ቤተ መጻሕፍትና በኤችፒ ተዘጋጅቶ በ2002 የወጣ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ነው። ጽሑፍ ፈልጎ የሚያወርደው ተማሪ ይህን ስም ላያውቅ ይችላል፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። የሚያምነው የዩኒቨርሲቲውን ስም ነው፤ ሥርዓቱን መርጦ የማዘመኑ ኃላፊነትም የቤተ መጻሕፍቱ ነው። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዲኤችአይኤስ2 ግን የተለየ ነው፤ መረጃ አስገቢው ባለሙያ በየቀኑ በዚሁ ስም ይጠራዋል፣ ሥልጠናም በዚሁ ስም ይወስዳል። ልዩነቱ መራጩ ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ተቋም መርጦ ሲያቀርብ ስሙ የተቋሙ ሊሆን ይችላል፤ ተጠቃሚው ራሱ ፈልጎ፣ አውርዶ፣ ጭኖ፣ አዘምኖ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር ግን ስሙ ሁሉንም ነገር መሸከም አለበት።

ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት፣ ከላይ ካየናቸው ጉዳዮች የሚወጣው መፍትሔ አዲስ ስም ማውጣት አይደለም። ስም መቀየር ያለፈውን ዝና ይጥላል፤ ኦፕን ኦፊስና ሊብሬኦፊስ ይህን በቂ አድርገው አሳይተዋል። ይልቅስ በስሙ አጠገብ ያለው ቦታ ነው ባዶ የቀረው። ፕሮግራሙ ምን ይሠራል፣ ከየትኛው የቀድሞ ፕሮግራም ወጣ፣ በቢሮ መጠቀም ይፈቀዳል ወይ፣ ይከፈልበታል ወይ፣ እውነተኛው ማውረጃ የት ነው የሚሉት ጥያቄዎች በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በተጠቃሚው ቋንቋ ሊመለሱ ይገባል። ክፍያን በሚመለከት ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልግ ነው፤ ሊብሬኦፊስ ራሱ በመስከረም 2022 በአፕል የመተግበሪያ መደብር በ8.99 ዩሮ መሸጥ ጀመረ፣ ከተቋሙ ድረ ገጽ ደግሞ በነፃ ይወርዳል። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፤ ገንዘቡም ለልማቱ ይውላል። በአንዱ ቦታ ከፍሎ በሌላው ያለ ክፍያ ያየው ሰው ግን በመጀመሪያ የሚጠረጥረው መታለሉን ነው።

የትርጉም ሥራው ከዚህ ጋር ተያይዞ መታሰብ ይኖርበታል። በአማርኛ የሚሠሩ ፈቃደኛ ተርጓሚዎች እስካሁን ጉልበታቸውን ያፈሰሱት በምናሌዎችና በመልእክት ሳጥኖች ላይ ነው፤ ማለትም ሰውየው ፕሮግራሙን ካገኘና ከጫነ በኋላ በሚያያቸው ቃላት ላይ። ከዚያ በፊት የሚያነበው የማውረጃ ገጽ፣ የወል ስሙ፣ የመፈለጊያ ቃላቱና ከስሙ ሥር ያለችው የአንድ መስመር መግለጫ ግን ይዘነጋሉ። «ሊብሬኦፊስ» ከሚለው ስም ሥር «የጽሑፍ፣ የሰንጠረዥና የገለጻ ማዘጋጃ፤ በቤትም በቢሮም በነፃ የሚሠራበት» የሚል አንድ መስመር በአማርኛ ቢቀመጥ፣ ስለ መኪና ደብተር የሚያስብ ሰው አይኖርም።